ቀኝ እግርሽን አስቀድሚ

ሰፈሬ አማኑኤል ነው ስል የማይስቅ ሰው ጥቂት ነው። «ከአጥሩ ውስጥ ነው ከአጥሩ ውጭ?» ይሉኛል፣ ቀልዷን እነሱ የፈጠሯት ይመስል። ተወልጄ ያደግሁት ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከአእምሮ ሆስፒታሉ አጥር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ይህችን ቀልድ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው የሰማኋት። «ከውጭ ነኝ፤ አንተስ መቼ ወጣህ?» ብዬ እመልሳለሁ። ምላሴ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ኮሮና የመጣ ጊዜ ታዲያ እሱም ጠፋብኝ።

እኔና እማዬ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ገና አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። እማዬ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፤ ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ዓይነት ናት። ከእሷ ቀጥሎ የክር ሱቅ አለ። የሱቁን ባለቤት ስም አልጽፍም፤ ቢያዩት ይቆጡኛል። ድሮም ጋሼ ነው የምላቸው፣ አሁንም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ያረጁ ሰው ናቸው። ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው፣ ከዘራቸው ከእጃቸው አይጠፋም። ከሽሮ ሜዳ ለሚመጡ ሸማኔዎች ድርና ማግ፣ ለጥለት የሚሆን ባለቀለም ክር ይሸጣሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ሲያመሰግኑም የሚቆጡ ነው የሚመስለው። መሬት የወደቀች የክር ቁራጭ ካዩ ጎንበስ ብለው አንስተው ኪሳቸው ይከታሉ። በቁጥብነታቸው የማይስቅባቸው የለም፣ እኔም ስስቅ ነው ያደግሁት። ሶላት ሲሄዱ ወንበር በራቸው ላይ አጋድመው «እዪልኝ» ይሏታል እማዬን፤ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደግሞ እሳቸው የእሷን ያዩላታል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል፣ ብዙም ሳይነጋገሩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀን ነው ተብሎ ተዘጋ፤ ጥቂቱ ቀን ወር፣ ወሩ ወራት ሆነ። ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቅ ጠፋ። እኔ ደግሞ ሐኪም እሆናለሁ ብዬ የክፍል አንደኛነቱን በጥርሴ የያዝኩ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ በቴሌግራም የሚላከውን ማስታወሻ ሁሉ እያወረድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ማንበቡን ተውኩና በየቀኑ በቴሌቪዥን የሚነገረውን የታማሚ ቁጥር ብቻ መጠበቅ ያዝኩ።

እማዬ አስም አለባት። ነገሩ ሁሉ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ መርካቶ ትወርዳለች፣ ሰው ከሰው ተጋፍቶ የሚውልበት ቦታ። ካልወረደች ደግሞ አንበላም። ስትመለስ የግቢው በር ላይ አቆማታለሁ። እጇን አስታጥባታለሁ፣ ቦርሳዋን በበረኪና እወለውላለሁ፣ ጫማዋን አስወልቃታለሁ። ምስኪን እናቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እንደገና ደጅ ትቆምልኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላለችም። «እሺ ልጄ» ነው የምትለው። ቆይቶ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ በሽታውን የማመጣው እኔ ብሆንስ? ዳቦ ለመግዛት የወጣሁት እኔ አይደለሁ? የግቢውን ቧንቧ የነካሁት እኔ አይደለሁ?

ከዚያ በኋላ እጄን ነበር የማጥበው። በበረኪና። ቆዳዬ ተሰነጣጠቀ፣ ደማ፣ እኔ ግን አላቆምኩም። ከእማዬ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተውኩ፤ ቀስ በቀስም መብላቱን ራሱን ተውኩት። አልጋውን ለእሷ ትቼ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ አነጠፍኩ። በሽታው ከአፍ በሚወጣ ጠብታ ይተላለፋል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር በመጨረሻ መናገርም አቆምኩ። እንዲህ ነው ምላሴ የጠፋው። ጋቢ ተከናንቤ ወደ ግድግዳው ዞሬ ስተኛ በጭንቅላቴ የምትመላለሰው አንዲት ነገር ነበረች፤ እኔ ባልኖር እማዬ ትተርፋለች። ያኔ እንደ ሒሳብ መልስ ነበር የሚታየኝ፣ የተጣራና ትክክል የሆነ።

እማዬ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ ረጨችኝ፤ ተቆጣች፤ ለመነች፤ አለቀሰች። አጥሩ ማዶ ያለውን ሆስፒታል ግን አንድም ቀን አላነሳችውም። ሐኪም ፈርታ አይደለም። በሩ ላይ ማን ያየን ይሆን ብላ ነው። የሰፈራችን ሰው ሆስፒታሉን ለቀልድ እንጂ ለሌላ ነገር አይጠራውም፤ ልጇ እዚያ በር ስትገባ የታየች እናት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሲነገርባት እንደሚኖር እማዬ ታውቃለች።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ ቀን ሱቋ ውስጥ ገዢ የሌለው ነጠላ እያጣጠፈች ሳለ እንባዋ አመለጣት። ጋሼ አዩዋት። «ልጄ እየጠፋችብኝ ነው» አለቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ክራቸውን መዝነው ጨረሱ፣ ሚዛናቸውን ወለወሉ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ገቡ። እማዬ ተቀየመቻቸው። «ድንጋይ ነው ያናገርኩት አልኩ» ትላለች እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ድንጋዩ መስኮታችን ሥር ቆሞ ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ከውጭ። ድምፃቸው በማስኩ ውስጥ ታፍኖ ይባስ ሻክሯል። «ገበያዬን ይዘሽብኝ ተኝተሻል!»

ጋቢውን አናቴ ላይ ሳብኩት።

«ትምህርት ቤት ሳለሽ ጠዋት ጠዋት እናትሽ ጋ ስትመጪ መጀመሪያ የኔን ደጃፍ ነበር የምትረግጪው። ያኔ ገበያዬ ገበያ ነበር። አንቺ ከተኛሽ ወዲህ ይኸው ዝምብ ነው የሚገባልኝ። እግረ እርጥብ ነሽ፤ ነይና እርገጪልኝ!»

ኧረ ጉድ! ኮሮና እኮ ነው ጋሼ፣ ሰው የለም እኮ፣ አልኩ በሆዴ። የሰሙኝ ይመስል ቀጠሉ፤ «ኮሮና ነው እንዳትዪኝ። ኮሮናማ ለሁሉም ነው። ትናንት ከፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ ሰው ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ጋ ነው ያልገባው።» ይህን ብለው ሄዱ።

በሁለተኛውም ቀን መጡ፤ ያንኑ ተናገሩ። በሦስተኛው ቀን መጮሁ አልበቃ ብሏቸው የቤታችንን ቆርቆሮ በከዘራቸው ይቀጠቅጡት ጀመር። ኳ! ኳ! ኳ! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ጋቢውን ገፍፌ ተነሳሁና «ጋሼ! ኧረ በፈጠረዎት! ሰው ተኝቷል እኮ እዚህ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዘራው ቆመ። ለስንት ቀን ያልተናገርኩ ሰው ነኝ፤ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ውጭ እማዬ ስታለቅስ ይሰማኛል። ጋሼም «ሰማሽ? ምላሷ አለ» አሏት በለሆሳስ። ከዚያ እንደገና ጮክ ብለው «ነገም እመጣለሁ!» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ተነሳሁ። ጀግንነት አይደለም፤ እልህ ነበር። ትንሽም ሌላ ነገር ነበረበት፣ እሱን ለመናገር አሁንም አፍራለሁ። ለሰው መርዝ ነኝ ብላ ለተኛች ልጅ አንድ ሽማግሌ መጥቶ እግርሽ ይጠቅመኛል አላት። እውነት ባይመስለኝም መስማቱን ወደድኩት።

ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ እማዬ ከኋላ ሆነን፣ በየመካከላችን ያን በየቀኑ የሚነገረንን ሁለት የአዋቂ እርምጃ አድርገን ወረድን። እህል በረንዳ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ሰቅለው ኩንታል ያራግፋሉ። የጤፉ ብናኝ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ። ባለሱቁ፣ መንገደኛው፣ ኩንታል የተሸከመው ሳይቀር ዘወር ብሎ አፈጠጠብኝ። የመሬት ያለህ አልኩ። ጋሼ ዞረው «ጤፍ ነው! ጤፍ ነው! ምን ታፈጣላችሁ?» ብለው ጮሁባቸው። ያኔ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ።

ደጃፋቸው ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሳሙና አለ። ታጠብኩ። ልድገም ብዬ እጄን ስዘረጋ ከዘራቸውን ቧንቧው ላይ አሳረፉት። «አንዴ!» አሉ። «ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንቺ ሁለቴ ከታጠብሽ ደንበኛ በምን ይታጠባል?» እጄ ይቀፈኛል፣ ግን ከሳቸው ውሃ መስረቅ የማይታሰብ ነው። ተውኩት። «አሁን ግቢ» አሉኝ። «ቀኝ እግርሽን አስቀድሚ።»

አስቀደምኩ። ምንም አልተፈጠረም። እስከ ረፋዱ ድረስ አንድም ሰው አልመጣም። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ማስክ የምትሰፋበት ነጭ ክር ገዝታ ሄደች። «አየሽ!» አሉኝ ጋሼ፣ ገበያው በሙሉ የተገለበጠላቸው ይመስል።

ሥራ ሰጡኝ። ድሩ በጥቅል ነው የሚመጣው፤ እሳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይይዙታል፣ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ልቃቂት አድርጌ እጠቀልላለሁ። በመካከላችን ክሩ ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያው ቀን የተሰነጣጠቀው ጣቴ ክሩን እየያዘ አስቸገረ። ጋሼ አዩት፣ ምንም አላሉም። በማግስቱ አንድ ብልቃጥ ቫዝሊን ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። «ተቀቢ፤ እጅሽ ክሬን ያበላሽብኛል» አሉ። ከበረኪናው እጄን ያስጣለኝ ይህ ነው። በበረኪና የታጠበ እጅ ክር አይነካም ተባልኩ፤ አለቀ።

አሁን ነገሩን የሰማ ሰው «ያን ጊዜ እንዴት አለፍሽው?» ሲለኝ አንድ ትልቅ ነገር እንድነግረው ይጠብቃል። ትልቅ ነገር የለም። በየቀኑ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር፤ ሳልመጣ የማይጀመር ነገር ነበር። ከእናቴ ጋር ምሳ መብላት ጀመርኩ፣ እሷ በሱቋ ደጃፍ፣ እኔ በጋሼ ደጃፍ ተቀምጠን። አንዳንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ ያ ሐሳብ ሳይመጣብኝ ይውላል።

ግን ድኛለሁ ያልኩት ቸኩዬ ነው።

አዲስ ዓመት ሊገባ የቀረበበት ሰሞን ነበር። ሸማኔዎቹ ትንሽ ትንሽ መምጣት ጀምረዋል፣ ጋሼም ፊታቸው ፈታ ብሏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ግቢያችን በር ላይ አምቡላንስ ቆሟል። ነጭ ልብስ ከላይ እስከ ታች የለበሱ ሰዎች ጎረቤታችንን፣ ግድግዳ የምንጋራትን ሴትዮ፣ ይዘዋት ወጡ። ከሦስት ቀን በፊት ጀሪካኗን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። እጀታውን ይዤዋለሁ። በቃ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ገብቼ ጋቢውን ተከናነብኩ።

ጠዋት እማዬ ለመነችኝ፣ አልመለስኩላትም። ብቻዋን ወረደች። ስድስት ሰዓት ገደማ ግን ስታለከልክ ተመለሰች።

«ሱቁን አልከፍትም ብለዋል!» አለችኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ጋሼን ነው የምልሽ! ከጠዋት ጀምሮ ቁልፉን ይዘው የተዘጋ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሸማኔዎቹ ከሽሮ ሜዳ መጥተው ተኮልኩለዋል። መክፈቻዬ ሳትመጣ አልከፍትም ይላሉ። ሰዉ ተሰብስቦ ያያቸዋል። ኧረ ልጄ፣ በእመብርሃን፣ ሽማግሌውን የሰው መሳቂያ አታድርጊያቸው!»

እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። እኔ ሰው እንዳልገድል ብዬ ተኝቻለሁ፣ እሳቸው የእግር ተረታቸውን ይዘው ገበያ ይዘጋሉ! በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት። እህል በረንዳን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ሸማ ተራ ስደርስ እውነትም ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ሸማኔ ከሩቅ አይቶኝ «መጣች! ኧረ መንገድ ልቀቁላት!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀሐይ አናታቸውን እየመታቸው።

«ጋሼ፣ አብደዋል እንዴ?» አልኳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

አልተቆጡም። ቀና ብለው አዩኝ። «ከሁለታችን አንዳችን ሳንታመም አልቀረንም» አሉ። «የትኛችን እንደሆንን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ። ሐኪም ነው የሚያውቀው። ነገ ነይና አብረን እንታያለን።»

ከዚያ ተነስተው ቁልፉን አዞሩ፣ ወደ ጎን ሆኑልኝ። እንባዬ በማስኩ ውስጥ እየወረደ በቀኝ እግሬ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው ግቢያችን መጡ። እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች፣ አላስፈላጊ ዓይን ሸሽታ በኋላ በር እንሂድ ስትል ሰማኋት። «በዋናው መንገድ ነው የምንሄደው» አሉ ጋሼ። መነካካት ክልክል ስለሆነ ከዘራቸውን ዘረጉልኝ፤ አንደኛውን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ለሚያየን ሰው እኔ እሳቸውን የምመራ ነው የሚመስለው። ያኔ አልገባኝም ነበር።

መንገዱ አጭር ነው፤ የሚያውቀን ሰው ግን በየአሥር እርምጃው አለ። «ጋሼ፣ ወዴት ነው በማለዳ?» አላቸው አንዱ ባለሱቅ።

«አእምሮዬን ልታይ ነው» አሉ፣ በዚያ በሻካራ ድምፃቸው፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። «ትናንት ሱቅ ዘግቼ መዋሌ አላማረኝም። ይቺ ልጅ ትደግፈኝ ብዬ ነው፣ አላህ ይስጣት።»

ሰውዬው ደነገጠ። ቀጥሎ ያገኘነውም ጠየቀ፤ ለሱም ያንኑ አሉት። ሆስፒታሉ በር ላይ እማዬ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትፈራት፣ አፏ የማያርፍ ሌላ ጎረቤታችን ቆማ ነበር። ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «ውይ፣ እግዜር ይማርዎት» አለቻቸው። «አሜን፣ አሜን» አሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። እኔን ግን ልብም አላለችኝ። እማዬ ነጠላዋ ውስጥ ሆና እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ።

ውስጥ ስንገባ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት አብዛኞቹ እኩዮቼ ናቸው። ከትምህርት ቤት ተማሪ የማይለዩ፣ ከእናት ከአባታቸው ጋር የመጡ ልጆች። አንዱ ልጅ ወራት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም ይላል ለአባቱ። ከኔ ራቅ ብላ የተቀመጠች ልጅ እጇን ብብቷ ውስጥ ቀብራለች። ልክ እንደኔ። ስታየኝ አየኋትና ሳላስበው የኔን አውጥቼ አሳየኋት፣ ያልጠገገውን ስንጥቅ። ቆየች፣ ከዚያ የራሷን አወጣች። ከኔ የባሰ ነበር። አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ስሟንም አላውቅም፤ በየትም ብትሆን ደህና እንድትሆን እስከ ዛሬ እጸልይላታለሁ። በዓለም ላይ እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር እኮ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ሴት ነበረች። ያን የማፍርበትን ሐሳብ፣ እኔ ባልኖር የሚለውን፣ በቀጥታ ጠየቀችኝ። እንደ ራስ ምታት ነው የጠየቀችኝ፣ ስለዚህ እንደ ራስ ምታት መለስኩላት። ስነግራት አልደነገጠችም፣ አልገሠጸችኝም። ይህ በሽታ ስም አለው፣ ይታከማል፣ አንቺ ክፉ ስለሆንሽ የመጣ አይደለም አለችኝ። መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ በየሳምንቱም እየመጣሁ እንዳናግራት ቀጠረችኝ። «እጅ የሚታጠበው አንዴ ብቻ ነው» ስለሚሉት ሽማግሌ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ማን አስተማራቸው?» አለች። ማንም አላስተማራቸውም፤ ውሃ ቆጥበው ነው አልኳት። ሳቀች። ስወጣ ጋሼ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። «የትኛችን ነን?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ታዲያ ምን አለበት» ብለው ከዘራቸውን ዘረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና ተራ ነው። በአምቡላንስ የተወሰደችው ጎረቤታችን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድና ተመለሰች፤ የያዛት ከኔ እንዳልሆነም ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ፈተናውን ሲሰጡን ተፈተንኩ። ሐኪም የሚያደርግ ውጤት አላመጣሁም፤ አለቀስኩ፣ ተፅናናሁ፣ ሌላ ተማርኩ። መድኃኒቱንም ሐኪሟ በቃሽ እስክትል ወሰድኩ። እማዬ አስሟን ይዛ ይኸው ዛሬም ከኔ በላይ ትራመዳለች። ጋሼ ግን ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ስም ወጣላቸው። ሸማ ተራ ሁሉ «ታካሚው» ነው የሚላቸው። «ታካሚው፣ ዛሬ ትከፍታለህ ወይስ ተነስቶብሃል?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ለልጃቸው ሚስት ሲጠይቁ እንኳ የልጅቷ ወገኖች «አባቱ አእምሮውን ታሟል ይባላል» ብለው ሽማግሌ እንደመለሱ ሰምቻለሁ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም።

የነገረኝ ያ «መጣች» ብሎ የጮኸው ሸማኔ ነው፣ ትምህርቴን ጨርሼ ከእማዬ ጋር መሥራት ስጀምር። ሌላም ነገር ነገረኝ። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት እኔ ከመድረሴ በፊት የሚመጣ ገዢ ሲኖር ጋሼ «ገና ነኝ» ብለው ይመልሱት ነበር። ገዢ በመብራት በሚፈለግበት በዚያ ሰሞን! ከተመለሱት ውስጥ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደው እዚያው የቀሩ ነበሩ። «ስለ እግር የሚያወራ ሰው ሲሰሙ እኮ ይህ ከሃይማኖት ውጭ ነው ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው» አለኝ። «አንቺ ስትመጪ ነው የጀመራቸው።» ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ገበያ አምጪ ነኝ ስል ገበያቸውን የማባርረው እኔ ነበርኩ።

ልጠይቃቸው ብሄድ «ሸማኔ ወሬ ይወዳል» ብለው ክራቸውን መመዘን ቀጠሉ። «ታካሚው» የሚለው ስም የኔ እንደሆነ ለሰዉ ልናገር አልኳቸው። «ተይው። እኔ አርጅቻለሁ፣ አይጎዳኝም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ። እኔም ፈሪ ነኝ፤ ተውኩት። ዓመታት ተውኩት።

ባለፈው ሰሞን የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። አዲሱ ሕንፃ ላይ ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እንደ እማዬ ሱቅ ጠባብ። ነጠላና ጋቢ በስልክ ታዝዤ እልካለሁ፣ በአካል ለሚመጣም እሸጣለሁ። የሸማ ተራ ሰዎች ሊመርቁልኝ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሼ መጨረሻ ደረሱ፣ በሁለት ደረጃ አንዴ እያረፉ። ቁልፉን አዞርኩና «ይግቡልኝ ጋሼ፤ መክፈቻዬ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አንዱ ነጋዴ ሳቀ። «ኧረ ልጄ፣ ሌላ እግር አጣሽ? ታካሚውን ታስገቢያለሽ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ጋሼም አብረው ሳቁ። እናቴን አየኋት። እማዬ ከነጠላዋ ውስጥ ፊቷን ሙሉ በሙሉ አወጣችና ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«ታካሚዋ እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ያን ቀን ሆስፒታል የሄድኩት እኔ ነኝ። በኮሮና ጊዜ አእምሮዬን ታምሜ፣ መኖር ጠልቼ ነበር። እሳቸው ምንም አልሆኑም። እናንተ እንዳትስቁብኝ ብለው ነው በየመንገዱ እኔ ነኝ ያሉት። ይኸው እስከ ዛሬ ትስቁባቸዋላችሁ።»

የሳቀው ነጋዴ ባርኔጣውን አውልቆ የሚያስቀምጥበት አጣ። ጋሼ በጣም ተቆጡ፤ ወይም የተቆጡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ያው ነው። «ስንት ዓመት የያዝኩትን ነገር በአንድ ቀን አፈረጥሽው!» አሉ። ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። መሬቱን እያዩ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

«ይህ የእግር ነገር ደግሞ ከንቱ ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ። «አምኜበት አላውቅም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ግን አምናለሁ።»

ደፉ ላይ ቆሙና ከዘራቸውን ዘረጉልኝ። ጫፉን ያዝኩ።

«የትኛው ነበር?» አሉኝ።

«ቀኙ» አልኳቸው፤ ገቡ።